ቬፕ ለታዳጊ እንዳይሸጥ፦ ለሱቃችሁ የሚበጀው የትኛው መንገድ ነው?

መንጃ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው የልደት ቀን 11/05/2001 ነው። ጊዜው ጁላይ 2022፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። ከባንኮኒው ፊት ስድስት ሰው ተሰልፏል። አንዱ ሎተሪ ይፈልጋል፣ አንዷ ወተት ይዛለች፣ ከኋላ የቆመው ሰውዬ የመኪና ቁልፉን እያቃጨለ ወረፋው እንዲንቀሳቀስ ይጠብቃል። ከአዲስ አበባ ከመጣች አምስት ወር ያልሞላት ሠራተኛዬ መታወቂያውን ተቀብላ ፎቶውን ከልጁ ፊት ጋር አመሳከረች። ቀኑን አነበበች፤ ሜይ 11፣ 2001። ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶት ሁለት ወር አልፎታል ማለት ነው። ከፎቶው አጠገብ «እስከ 11/05/2022 ድረስ ዕድሜው ከ21 በታች» የሚል ማስጠንቀቂያም ነበር። እርሱንም አነበበችው፤ ሜይ 11 ካለፈ ሰንብቷል። ቬፑን፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራውን፣ ሸጠችለት።

አሜሪካኖች ከቀኑ ወሩን ያስቀድማሉ። ልጁ የተወለደው ኖቬምበር 5 ነው፤ ሃያ አንድ ሊሞላው ገና አራት ወር ያህል ይቀረው ነበር። ለቁጥጥር የተላከ ገዢ ስለነበር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን።

ሠራተኛዬ አለቀሰች። መታወቂያ ጠይቃለች፣ አይታለች፣ አስልታለች። የራሴን መንጃ ፈቃድ ሰጥቼ «እስቲ የልደት ቀኔን አንብቢልኝ» ስላት ነው ነገሩ ወለል ብሎ የታየኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። «መታወቂያ ሳታዪ እንዳትሸጪ» ከማለት በቀር የሰጠኋት ነገር አልነበረም። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ሱቆች አሉኝ፤ አንዱ ነዳጅ ማደያ ላይ ነው፣ ሌላው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእግር አምስት ደቂቃ ይርቃል። ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ ያሉትን መንገዶች በሁለቱም ሱቆች አንድ በአንድ ስሞክር ቆይቻለሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በዴንቨር፣ በሲያትል ከባንኮኒ ጀርባ የምትውሉ ብዙ ወገኖቼ ስላላችሁ የቱ መንገድ ለየትኛው ሱቅ እንደሚሆን ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ሕጉ ምን ይላል

ሕጉ አጭር ነው። ከዲሴምበር 20፣ 2019 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ሲጋራም ሆነ ቬፕ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሸጥም። ወታደር ነኝ፣ ባለትዳር ነኝ ቢል ለውጥ የለውም። ከትንባሆ ቅጠል ያልወጣ፣ በፋብሪካ የተቀመመ ኒኮቲንም ከኤፕሪል 2022 ወዲህ በዚሁ ሕግ ሥር ገብቷል። ስለዚህ አከፋፋዩ «ይህ እኮ ትንባሆ የለበትም» ብሎ ሊያግባባችሁ ቢሞክር አትስሙት። ከሴፕቴምበር 30፣ 2024 ጀምሮ ደግሞ 30 ዓመት ያልሞላውን ገዢ ሁሉ በፎቶ መታወቂያ ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ ቀድሞ መስመሩ 27 ነበር።

ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ የምንለው የፌዴራሉ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ነው። ከግዛቶች ጋር ተዋውሎ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ገዢዎችን ከተቆጣጣሪ ጋር ወደ ሱቆች ይልካል፤ ሱቁ በዚያች ሰዓት እየተፈተነ መሆኑን አያውቅም። ውጤቱም ማንም ሰው በኢንተርኔት ሊፈልገው በሚችል መዝገብ ላይ ይወጣል። ለመጀመሪያ ጥፋት የሚመጣው ደብዳቤ ነው። በ12 ወር ውስጥ ሲደገም ሕጉ የጻፈው መነሻ ቅጣት 250 ዶላር፣ በ24 ወር ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን 500፣ አራተኛው 2,000፣ በ36 ወር ውስጥ አምስተኛው 5,000 ዶላር እያለ ያድጋል። እነዚህ ቁጥሮች በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ከፍ ይላሉ። ጥፋቱ ከተደጋገመ ሱቁ ለተወሰነ ጊዜ ምንም ዓይነት የትንባሆ ውጤት እንዳይሸጥ ሊታገድ ይችላል። ግዛቱና ካውንቲው የሚጥሉት ከዚህ ላይ የሚደመር ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ቅጣቱ ሠራተኛዋን ራሷን ያገኛታል።

ከአገር ቤት በቅርብ የመጣ ሠራተኛ የቀጠረ ሰው አንድ ነገር ያስተውል። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የትንባሆ መሸጫ ዕድሜ 21 ነው፤ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሸጥ ደግሞ ጭራሹን ክልክል ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ዕቃውን በእጃቸው ይዘው አያውቁም። አንዳንዱ ቬፕ የመጽሐፍ ማድመቂያ ብዕር ይመስላል፤ ማንጎና ሐብሐብ ይሸታል። «ይህ ኒኮቲን ነው፣ ሱስ ያስይዛል» ብላችሁ በግልጽ ካልነገራችኋቸው ከማስቲካ ለይተው የሚያዩበት ምክንያት የላቸውም።

በ2019 በአሜሪካ ቬፕ የሚያጨሱ የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከአምስት ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በ2024 ቁጥሩ ወደ 1.63 ሚሊዮን ወርዷል። ቁጥጥሩም፣ ትምህርቱም፣ የባለ ሱቆች ጥንቃቄም ተባብረው ያመጡት ለውጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን 1.63 ሚሊዮን ልጅ ዕቃውን ከሰማይ አላገኘውም። የሰው አእምሮ እስከ 25 ዓመት ገደማ እየጎለመሰ ይሄዳል፤ ኒኮቲን ደግሞ ትኩረትንና ትምህርት የመቀበል አቅምን በዚያው ዕድሜ ይጎዳል። ከሱቄ በር ላይ የሚያልፉት ተማሪዎች ውስጥ የእኛው ሰዎች ልጆች አሉ።

የማወዳድርበት ሚዛን

ዋጋ አንዱ ነው፤ የመጀመሪያው ግን አይደለም። ማንኛውንም መንገድ ሦስት ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። ሱቁ ሲጨናነቅ ይሠራል? እኔ በሌለሁበት ይሠራል? ገዢው የወዳጄ ልጅ ሲሆን ይሠራል? ሦስተኛው ጥያቄ በእኛ ዘንድ ከባዱ ነው። ልጁን ክርስትና ሲነሣ አይታችሁታል፤ አባቱ ዕቁብ አብሯችሁ ይጥላል። «መታወቂያ አምጣ» ማለት ቤተሰቡን መጠርጠር ይመስላል። ይሉኝታ የምንለው ነገር የሚያሸንፈን እዚህ ላይ ነው፤ አሠራራችሁን ስትመርጡ እርሱን ካልቆጠራችሁት ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

በዓይን መገመት

ይህን መንገድ የምጠቅሰው ብዙ ሱቅ ውስጥ ዛሬም ያለው እርሱ ስለሆነ ብቻ ነው። ጢም ያለው የ17 ዓመት ልጅ አለ፤ የልጅ ፊት ያላት የ34 ዓመት እናት አለች። ኮፍያና የፊት ጭንብል ሲጨመር ግምቱ ዕጣ መጣል ይሆናል። ሦስቱንም ጥያቄ ይወድቃል። ይተው።

መታወቂያ አይቶ ማስላት

ገንዘብ አይጠይቅም፣ ማሽን አይበላሽም፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። በአግባቡ ከተደረገ መጥፎ መንገድ አይደለም። ችግሩ «በአግባቡ» የሚለው ቃል ውስጥ ብዙ ነገር መደበቁ ነው።

የመጀመሪያው ወጥመድ ከላይ የነገርኳችሁ የወርና የቀን ቅደም ተከተል ነው። ከ12 በላይ የሆነ ቁጥር ካለበት ሠራተኛው ራሱ ይነቃል፤ 05/23 ሲል 23ኛ ወር እንደሌለ ያውቃልና። አደገኞቹ ሁለቱም ቁጥሮች ከ12 የማይበልጡባቸው ቀኖች ናቸው። ሁለተኛው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ሠራተኛዬ የገዢውን ዕድሜ «እንዲገባት» የልደት ዓመቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ትቀይር እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ከጃንዋሪ እስከ እንቁጣጣሽ ልዩነቱ ስምንት፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት ነው። በኖቬምበር 2001 የተወለደ ሰው በእኛ 1994 ነው፤ ስምንት ቀንሶ 1993 ያለ ሰው ገዢውን በአንድ ዓመት ያሳድገዋል። በወረፋ ፊት ይህን ሒሳብ ከማንም አትጠብቁ።

መፍትሔው ሒሳቡን ከባንኮኒው ላይ ማንሣት ነው። በየጧቱ ሱቁን የሚከፍተው ሰው የዛሬውን ቀን፣ ከ21 ዓመት በፊት ካለው ዓመት ጋር በወፍራም እስክሪብቶ ጽፎ ከካሽ ሬጅስተሩ አጠገብ ይለጥፋል። ወሩ በቁጥርም በስምም ይጻፋል፦ «07 ጁላይ፣ ቀን 14»። በዚያ ቀን ወይም ከዚያ በፊት የተወለደ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ አይገዛም። ዊ ካርድ የሚባለው ከ1995 ጀምሮ ያለ የባለ ሱቆች ፕሮግራም እንዲህ ያሉ የቀን ሰሌዳዎችንና ለሠራተኛ የሚሆን ሥልጠና ያቀርባል፤ ኤፍዲኤም ለሱቆች ያዘጋጀው የቀን ማሳያ አለው። የራሴን በእጅ የተጻፈ ወረቀት የምመርጠው ሠራተኛዋ ራሷ ስለምትጽፈው ነው። የጻፈችውን ታስታውሳለች።

ብዙ ግዛቶች ከ21 ዓመት በታች ላሉ ወጣቶች የሚሰጡት መንጃ ፈቃድ በቁሙ የሚነበብ ነው፤ የአዋቂው አግድም ነው። በቁሙ የተሠራ ካርድ ስታዩ እጃችሁ ይቁም። ባለቤቱ 21 ከሞላው በኋላም እስኪታደስ ድረስ ያንኑ ካርድ ሊይዝ ስለሚችል ካርዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ቀኑን ደግማችሁ እንድታዩ የሚያዝ ደወል ነው። ካርዱን ከቦርሳው አስወጥታችሁ በእጃችሁ ያዙት፤ በስልክ የተነሣ ፎቶ አትቀበሉ። ፓስፖርት፣ የኢትዮጵያም ቢሆን፣ ፎቶና የልደት ቀን እስካለው ድረስ መታወቂያ ነው፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ ወሩን በፊደል ስለሚጽፍ ለእኛ ሰው ከመንጃ ፈቃድ ይልቅ ለማንበብ ይቀላል።

ከሦስቱ ጥያቄዎች የመጀመሪያውን ግማሽ በግማሽ ያልፋል። ሁለተኛውን የሚያልፈው ሠራተኛው ብርቱ ከሆነ ነው። ሦስተኛውን ግን አያልፍም፤ መታወቂያ ልጠይቅ አልጠይቅ የሚለው ውሳኔ አሁንም የሠራተኛዋ ነውና።

በእጅ የሚያዝ ስካነር

ከመንጃ ፈቃዱ ጀርባ ያለውን ሰፊ ባርኮድ አንብቦ ዕድሜውን ይነግራችኋል። ወርና ቀን አያምታታም፣ አይደክምም። ራሱን የቻለው መሣሪያ ጥቂት መቶ ዶላር ያወጣል፤ በስልክ ላይ የሚጫኑ ፕሮግራሞችም አሉ። የአነስተኛ መደብሮች ብሔራዊ ማኅበር ያስፋፋው ትሩኤጅ የሚባለው ለባለ ሱቆች በነጻ የሚሰጥ ሲሆን የገዢውን ስምና አድራሻ ሳይዝ ዕድሜውን ብቻ ለማረጋገጥ የታሰበ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የገዢዎችን መረጃ የሚያከማች መሣሪያ ከገዛችሁ ያንን መረጃ የመጠበቅ ኃላፊነት አብሮ ይመጣል፤ በአንዳንድ ግዛቶች ማከማቸቱን የሚገድብ ሕግም አለ።

ስካነር የማይነግራችሁ አለ። የታላቅ ወንድሙን እውነተኛ መንጃ ፈቃድ ይዞ የመጣ ልጅ በማሽኑ ዘንድ የ24 ዓመት ሰው ነው። ፊትና ፎቶ ማመሳከር የሰው ሥራ ሆኖ ይቀራል። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ሐሰተኛ ካርድም የሚነበብ ባርኮድ ሊኖረው ይችላል። ፓስፖርትን ደግሞ ተራው ስካነር አያነበውም፤ ከተማችሁ አዲስ መጪ የሚበዛበት ከሆነ ይህ በየቀኑ ያጋጥማችኋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ስካነሩ ከካሽ ሬጅስተሩ የተለየ መሆኑ ነው። ሽያጩ ያለ እርሱ ያልቃል። የማደያው ሱቅ ውስጥ የገዛሁት ስካነር ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሎተሪ ወረቀቶቹ ሥር ባትሪው አልቆ አገኘሁት። ማንም አልዋሸኝም፤ ሥራ ሲበዛ እጅ ወደ እርሱ አይዘረጋም።

የሚቆልፍ ካሽ ሬጅስተር

ለአብዛኞቻችን የምመክረው ይህን ነው። የቬፕ ዕቃ ባርኮድ ሲነበብ ማሽኑ ይቆማል። መታወቂያ ካልተነበበለት ወይም የልደት ቀን ካልተጻፈለት ወደ ክፍያ አያልፍም። ዘመናዊ የሽያጭ ማሽን ያላችሁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህ አሠራር ውስጡ አለ፤ ያልተከፈተ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

እኔ ይህን የወደድኩት ለወረፋው ፍጥነት ብዬ አይደለም። ለይሉኝታ ብዬ ነው። አንድ ረቡዕ ማታ የማኅበር ወዳጄ ልጅ ገባ። ቁመቱ ከእኔ በልጧል። «ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? አባዬ ሰላም ብሎዎታል» አለኝ በዚያ በሚጣፍጥ የውጭ አገር ልጅ አማርኛ። ከዚያም ከጀርባዬ ወዳለው መደርደሪያ በአገጩ አመለከተ። ቀድሞ ቢሆን ላቤ ይመጣ ነበር። «ማሽኑ መታወቂያ ካላስነበብከው አይከፍትልኝም፣ ልጄ» አልኩት። እርሱም አላፈረ፣ እኔም አልከፋሁ። ማስቲካ ገዝቶ ሄደ። ሠራተኞቼም የሚሉት ይህንኑ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ለትልቅ ሰው ሲሆን «ማሽኑ ስለሚጠይቀኝ ነው፣ መታወቂያዎን ቢያሳዩኝ» ይላሉ። እምቢታው የሰው መሆኑ ቀርቶ የማሽን ሲሆን ማንም አይቀየምም። አንዲት የሃያ ዓመት ሠራተኛ የአባቷን እኩያ እምቢ እንድትል ከመጠየቅ ይህ እጅግ ይሻላል።

ቀዳዳ ግን አለው፤ ቀዳዳውን ሳልደፍን ዋጋ ከፍያለሁ። ማሽኑን የገጠመልን ድርጅት «ዕድሜው በግልጽ ይታያል» የሚል ማለፊያ አዝራር ከፍቶ ትቶልን ሄደ፤ ስለ አዝራሩም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሦስት ወር ሙሉ የተጠበቅን መስሎን ኖርን። አዝራሩን ሳስዘጋው ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። የሳምንቱን የሽያጭ ዝርዝር ሳወጣ በ01/01/1980 የተወለደ አንድ ገዢ 43 ጊዜ ቬፕ ገዝቷል። ሠራተኞቹ ወረፋው ሲረዝም በእጅ የሚጽፉት ቀን ነበር።

ስለዚህ ይህን መንገድ ከመረጣችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። የማለፊያውን አዝራር አስዘጉ። በእጅ ቀን መጻፍ ለፓስፖርት ብቻ ይሁን፤ በየሳምንቱም ዝርዝሩን አውጥታችሁ የሚደጋገም የልደት ቀን ፈልጉ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሦስተኛ፣ ባርኮዱ ማሽኑ ውስጥ ያልተመዘገበ ቬፕ መደርደሪያ ላይ አይውጣ፤ ያልተመዘገበ ዕቃ «ልዩ ልዩ» ተብሎ ይመታና ቁልፉ ሳይነካው ያልፋል። አከፋፋዩ አዲስ ዕቃ ባመጣ ቁጥር ይህ ያጋጥማል።

በር ላይ መከልከል

የመጠጥ መደብር ያላችሁ ሰዎች ከ21 በታች የሆነን ሰው ማስገባት ብታቆሙ ብዙ አትጎዱም፤ ደንበኛችሁ ዱሮውንም አዋቂ ነው። ለማደያና ለሠፈር ሱቅ ግን አይሆንም፤ እናት ከልጇ ጋር ወተት ልትገዛ ትመጣለች። በር ላይ መታወቂያ ማየት ባንኮኒው ላይ ማየትን እንደማያስቀርም እወቁ።

ዕቃውን ከመደርደሪያ ማውረድ

ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል፤ የኪራይ ነገር ነውና እረዳቸዋለሁ። ግን ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች እንዳሉ ልብ በሉ።

አንዱ ጣዕም ያላቸውን፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏቸውን ቬፖች ማውረድ ነው። ይህ በእኔ አስተያየት ምርጫ እንኳ አይደለም። ኤፍዲኤ እስከ ጁላይ 2025 ድረስ ለሽያጭ የፈቀዳቸው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ምርቶች 39 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም የትንባሆ ወይም የሜንቶል ጣዕም ያላቸው ናቸው። እንደ ኤልፍ ባር ያሉት ባለ ማንጎና ባለ ሐብሐብ ዕቃዎች ከፈቃዱ ውጭ ናቸው። በ2024 በተደረገው የተማሪዎች ጥናት በብዛት የተጠቀሰው ይኸው ኤልፍ ባር ነበር፤ ቬፕ ከሚያጨሱት ልጆች ከአሥሩ ዘጠኝ የሚጠጉት ጣዕም ያለውን እንደሚጠቀሙ ተናግረዋል። ቅጣቱም ከዕድሜ ጥፋት ይከብዳል። ለታዳጊ የሸጠ ሱቅ በመጀመሪያ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ኤፍዲኤ ግን በ2023 ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው ኤልፍ ባር መሸጥ ያላቆሙ ቸርቻሪዎችን ለአንድ ጥፋት ብቻ ከ19,000 ዶላር በላይ ጠይቋቸዋል። ገዢው የ50 ዓመት ሰው ቢሆን እንኳ ይኸው ነው። አከፋፋዩ «ሁሉም ሰው እየሸጠው ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ደብዳቤው ሲመጣ ግን በእናንተ ሱቅ አድራሻ ነው የሚመጣው።

የየአካባቢውን ሕግም እዩ። ማሳቹሴትስ ከ2020፣ ካሊፎርኒያ ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ ጣዕም ያላቸውን የትንባሆ ውጤቶች ከሱቅ አስወጥተዋል። ዋሽንግተን ዲሲ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ሜንቶልን ጨምሮ ሁሉንም ጣዕም ከልክላ፣ ከመካከለኛና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሩብ ማይል ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈጽሞ እንዳይሸጥ አድርጋለች። ድንበር ተሻግሮ ሜሪላንድ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ዲሲ የማይገኘውን ፍለጋ የሚመጣ ወጣት ይበዛበታል፤ በእኔ የደረሰ ነው።

ሌላው ውሳኔ ቬፕን ከነጭራሹ መተው ነው። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው ሱቄ በ2023 ይህን አደረግሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከበዱ፤ አልደብቃችሁም። ቬፕ ሊገዛ የሚመጣ አዋቂ ቡናና ዳቦም ይገዛ ነበር። ባዶ የቀረውን መደርደሪያ በስልክ ቻርጀርና በትኩስ ሳምቡሳ ሞላነው፤ ሳምቡሳው ከጠበቅሁት በላይ ሄደልን፤ የጠፋውን ገቢ ሁሉ ግን አልመለሰም። የተመለሰልኝ ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ ሲጎርፉ ሠራተኛዬ ብቻዋን ከሃያ ልጅ ጋር የምታደርገው ክርክር ቀረ። ማንንም ማስላት፣ ማንንም መጠርጠር የለም። ሦስቱንም ጥያቄ ያለ አንዳች መሣሪያ የሚያልፈው መንገድ ይህ ብቻ ነው።

ለየትኛው ሱቅ የትኛው

ከትምህርት ቤት አጠገብ ከሆናችሁና ከቬፕ የምታገኙት ትርፍ ኪራዩን የማይሸከም ከሆነ ከነጭራሹ አውርዱት። ነዳጅ ማደያ ላይ፣ በተለይ ማታ አንድ ሠራተኛ ብቻውን የሚያድርበት ከሆነ የሚቆልፈው ካሽ ሬጅስተር ከተፈቀዱት ዕቃዎች ጋር ይበቃል። አዲስ ማሽን ለመግዛት አቅሙ የሌለው፣ ራሱ ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ የሚቆምበት ትንሽ ሱቅ በእጅ በተጻፈው የቀን ወረቀትና በነጻው ስካነር ሊዘልቅ ይችላል፤ በአንድ ሁኔታ፦ ለገዢ ሁሉ፣ ለሽማግሌም ቢሆን፣ መታወቂያ መጠየቅን ሕግ ካደረገ። «ሁሉንም እንጠይቃለን» የሚለው ሱቅ የወዳጁን ልጅ ሲጠይቅ አይከብደውም። የመጠጥ መደብር በሩንም ባንኮኒውንም ይጠብቅ።

የትኛውንም ብትመርጡ ቬፑ ከባንኮኒው ጀርባ፣ ከከረሜላው ርቆ ይቀመጥ። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን አምስት የልደት ቀን በወረቀት ጽፋችሁ አስነብቡት፤ ሁለቱ እንደ 11/05 ያሉ ይሁኑ። እኔ አሁን ከቅጥር በፊት የማደርገው ይህን ነው። ያቺ የደነገጠችው ልጅ ዛሬ የማደያውን ሱቅ ታስተዳድራለች፤ ፈተናውን የምትሰጠውም እርሷ ናት።

ማሽን የማይይዘው አንድ ነገር ይቀራል፦ ለልጅ የሚገዛ አዋቂ። ሕጋዊ መታወቂያ አለው፣ ማሽኑ ይከፍትለታል። ምልክቱ ግን ከውጭ ይታያል። ሁለት ልጆች ከመኪናው አጠገብ ቆመው በመስታወቱ ወደ ውስጥ ያያሉ፤ ሰውየው ስልኩን እያየ የዕቃውን ስም ከጽሑፍ ላይ ያነባል፤ ለራሱ የሚገዛ ሰው የሚያጨሰውን ስም ከስልክ አያነብም። ባለፈው ዓመት ማስቲካ ገዝቶ የሄደው የወዳጄ ልጅ ከአጎቱ ልጅ ጋር ተመልሶ መጣ። የአጎቱ ልጅ 26 ዓመቱ ነው፤ ልጁ ውጭ ቀረ። መታወቂያውን ሲዘረጋልኝ ሳላስነብበው መልሼ ሰጠሁት፤ «ለውጭኛው ከሆነ አልሸጥልህም፣ አባቱን አውቀዋለሁ» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ሁለት ውሃ ገዝቶ ወጣ።